ከሕጉ በፊት የተናጋው ሚዛን፦ በቤሪያ ኮሌጅ የተማሪዎች ስብጥር ላይ የቀረበ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ የአፓላቺያ ተራሮች ወደ ሜዳው በሚወርዱበት ጠርዝ ላይ፣ 1,500 ያህል ተማሪዎች የሚማሩበት ቤሪያ የተባለ የግል ኮሌጅ አለ። የትምህርት ክፍያ ስለማያስከፍል፣ በውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል የሚያፈላልጉ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ስሙን ያውቁታል። እኔን ይህን ጉዳይ እንድመዘግብ ያነሣሣኝ የተማሪዎቹ ስብጥር ያለፈበት መንገድ ነው። ኮሌጁ ባርነት በቀረ ማግስት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በተቀራራቢ ቁጥር አብሮ ያስተማረ፣ በኋላ ለ46 ዓመታት በግቢው ውስጥ ጥቁር ተማሪ ያላስተማረ፣ ከዚያም በሩን መልሶ የከፈተ ተቋም ነው።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ደግ ኮሌጅ በክፉ ሕግ እንደ ተጎዳ ተደርጎ ነው። ይህ አነጋገር ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። የነገሩን ቅደም ተከተል ተከታትሎ ላየ ሰው፣ የተማሪዎቹ ሚዛን መናጋት የጀመረው ሕጉ ከመውጣቱ 10 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነበር፤ ያናጉትም ኮሌጁ በገዛ ፈቃዱ ያደረጋቸው የቅበላ፣ የገንዘብ ማሰባሰብና የግቢ አስተዳደር ውሳኔዎች ነበሩ። አነስተኛ የግል ኮሌጅ ለሚያስተዳድሩ ሰዎች ጉዳዩን አስተማሪ የሚያደርገው በተለይ ይህ ክፍሉ ስለሆነ፣ ሰፋ አድርጌ የማየው እሱን ነው።

በጉዳይ ጥናት ልማድ መሠረት ሰዎቹን በሥራ ድርሻቸው እጠራቸዋለሁ፤ ስማቸው በሕግ፣ በተቋም ወይም በገንዘብ ስጦታ ላይ ያረፈ ጥቂቶች ብቻ ከዚህ ውጪ ናቸው። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የኮሌጁ ዳራ

መሥራቹ ከባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ነገር ግን ባርነትን ኃጢአት ነው ብለው በይፋ የሚሰብኩ የኬንታኪ ሰው ነበሩ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ፣ ባርነት እንዲቀር የሚሟገት አንድ ባለጸጋ ፖለቲከኛ በማዲሰን ወረዳ መሬት ሰጥቷቸው በኮረብታው ላይ ሰፈሩ። ለሰፈሩ ያወጡለት ስም ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የተገኘ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የቤርያን ሰዎች ከተሰሎንቄ ሰዎች ይልቅ «ልበ ሰፊዎች» እንደ ነበሩ ይናገራል፤ ሰባኪው የፈለጉትም ይህንኑ ትርጉም ነበር። የኮሌጁ መሪ ቃል ከዚያው ምዕራፍ የተወሰደ ሲሆን፣ እግዚአብሔር የምድርን ሕዝቦች ሁሉ ከአንድ ደም እንደ ፈጠረ የሚገልጽ ነው።

በ1855 የተከፈተው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ብቻ የነበረው ሲሆን፣ እሑድ እሑድ ለጸሎት ያገለግል ነበር። በ1859 መጨረሻ፣ በሃርፐርስ ፌሪ ባሪያዎችን አስታጥቆ ለማሳመፅ የተደረገው ሙከራ ደቡቡን ባሸበረበት ሰሞን፣ የታጠቁ የወረዳው ሰዎች የቤሪያን ቤተሰቦች ከግዛቲቱ እንዲወጡ አስገደዷቸው። መሥራቹ ሰሜኑና ደቡቡ በባርነት ጉዳይ በተዋጉበት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ካምፕ ኔልሰን በተባለው የጦር ሰፈር ጥቁር ወታደሮችንና ቤተሰቦቻቸውን ሲያስተምሩና ሲረዱ ቆዩ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከእነዚህ ወታደሮች አንዳንዶቹ ወደ ቤሪያ ተከትለዋቸው መጡ። የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተማሪዎች በከፊል የተገኙት በዚህ ዓይነት የቅርብ ትውውቅ ነው።

በ1866 ጥቁር ተማሪዎች ወደ ክፍል ሲገቡ ከነጮቹ ተማሪዎች ብዙዎቹ ተነሥተው ወጡ። ትምህርት ቤቱ የወጡትን ለመመለስ ብሎ የገቡትን አላስወጣም። በዚያው ዓመት ከተመዘገቡት 187 ተማሪዎች 96ቱ ጥቁሮች፣ 91ዱ ነጮች ነበሩ። ይህ ግማሽ በግማሽ የሆነ ሚዛን ከ20 ዓመታት በላይ ብዙም ሳይዛነፍ ቆይቷል። ባርነት ከቀረ ገና ጥቂት ዓመታት በሆነበት፣ የቀድሞ ባሪያና የቀድሞ አሳዳሪ በአንድ ወረዳ በሚኖሩበት ቦታ ይህ መሆኑ ዛሬም ያስገርማል።

ሚዛኑ በመሪ ቃሉ ብርታት ብቻ አልቆመም፤ በሥር የሚሠሩ ተጨባጭ ነገሮች ነበሩ። መሥራቹ መሬት እየገዙ ለጥቁርና ለነጭ ቤተሰቦች ቦታውን እያፈራረቁ ይሸጡ ስለ ነበር፣ ተማሪው ከክፍል ሲወጣ የሚገባበት ከተማ ራሱ የተቀላቀለ ነበር። የኮሌጁ የባለአደራዎች ቦርድ ደግሞ በ1872 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች በአንድ ዓይነት ደንብ እስከ ተዳኙ ድረስ እርስ በርስ መጠናናት እንዲችሉ ወሰነ። ውሳኔው ለዘመኑ እጅግ ደፋር ነበር፤ ይሁን እንጂ ከድፍረቱ ይልቅ ተግባራዊነቱ ይበልጥ ይታየኛል። ቦርዱ ወጣቶች አብረው ሲኖሩ ምን እንደሚከሰት አስቀድሞ አውቆ፣ ነገሩ ከተከሰተ በኋላ በድንጋጤ ከመወሰን አስቀድሞ ደንብ ማውጣትን መረጠ። ከምሩቃኑም ብዙዎቹ በየገጠሩ የጥቁር ልጆች መምህራን ሆኑ፤ እያንዳንዱ መምህርም በሄደበት የኮሌጁ ምስክር ነበር።

ችግሩ፦ በፈቃድ የመጣ መዛነፍ

በ1892 ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ሥራ ጀመሩ፤ ኮሌጁንም እስከ 1920 መሩ። ብርቱ አስተዳዳሪና የተዋጣላቸው ገንዘብ አሰባሳቢ ነበሩ። የትምህርት ክፍያ የቀረው እሳቸው ሥራ በጀመሩበት በዚያው ዓመት ነው፤ ኮሌጁ ዛሬ የቆመበትን የገንዘብ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱም እሳቸው ናቸው። በዚያው ልክ የተማሪው ስብጥር መልኩን የለወጠው በእሳቸው እጅ ነው። ሁለቱን ለያይቶ መናገር አስቸጋሪ የሚሆነው መንስኤያቸው አንድ በመሆኑ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ለጥቁሮች ትምህርት እጃቸውን ይዘረጉ የነበሩ የሰሜን ለጋሾች በ1890ዎቹ መሰልቸት ይዟቸው ነበር። ፕሬዚዳንቱ ለእነዚህ ለጋሾች አዲስ ታሪክ ይዘው ቀረቡ። በአፓላቺያ ተራሮች ከዓለም ተለይተው የሚኖሩ፣ ድሆች፣ ግን ከአገሪቱ መሥራቾች ዘር የመጡ ነጮች አሉ፤ እነሱን ማስተማር አገርን መታደግ ነው የሚል ነበር። በ1899 በአንድ ታዋቂ መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ የተራራውን ሰዎች በእኛ ዘመን የሚኖሩ ቅድመ አያቶቻችን አድርገው ገለጿቸው። ራሳቸውም በፈረስ ወደ ተራሮቹ እየወጡ ከሕዝቡ ጋር ይገናኙ ነበር። ለጋሾቹ ታሪኩን ወደዱት፤ ገንዘቡ መጣ፤ ሕንፃ ተሠራ፤ የተራራው ልጆች በገፍ መጡ።

የጥቁር ተማሪዎች ቁጥር ግን አልጨመረም። እዚህ ላይ ማንም ሰው ጥቁር ተማሪ አልከለከለም፤ የምዝገባ ደንቡም አልተለወጠም። የተለወጠው ቅስቀሳው የሚደረግበት ቦታ፣ የሚቀሰቅሰው ሰውና የሚነገረው ታሪክ ነበር። በ1892 ግማሽ ያህል የነበሩት ጥቁሮች፣ ከ12 ዓመት በኋላ ከአምስት ተማሪዎች አንዱን እንኳ የማይሞሉ ሆኑ። አንድ ወገን ባለበት ሲቆም ሌላው ወገን በእጥፍ ላይ እጥፍ ካደገ፣ በስም ያልተከለከለው ሰው በግቢው ውስጥ እንግዳ ይሆናል።

ከቁጥሩ ጋር የግቢው ኑሮም ተለወጠ። የ1872ቱ የመጠናናት ፈቃድ ተሻረ። በማደሪያ ቤትና በማዕድ መለያየት ቀስ በቀስ ሰፈነ። ከኮሌጁ ተመርቆ በዚያው ያስተምር የነበረ አንድ ጥቁር መምህር የሚጠብቀውን ማዕረግ ሳያገኝ ለቅቆ ሄደ፤ ጥቁር ተማሪዎችም በመድረኩ ላይ የሚመስላቸው ሰው ሳያዩ ቀሩ። ጥቁር ምሩቃን ይህን ሁሉ ያኔውኑ አይተው በጽሑፍና በስብሰባ ተቃውመው ነበር። ፕሬዚዳንቱ መልስ አላጡም፤ ብዙ ነጭ ተማሪ መምጣቱ ለጥቁሮችም የሚበጅ መሆኑን፣ ነጮቹ ጥቁርን በክብር ማየት የሚማሩት በዚህ መንገድ መሆኑን ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ባዶ አልነበረም። ነገር ግን ጥቁሩን ተማሪ የነጩ ተማሪ ትምህርት መሣሪያ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ይህ አስተሳሰብ ዛሬም «ብዝኃነት የተማሪዎቻችንን ልምድ ያበለጽጋል» በሚሉ የኮሌጅ ብሮሹሮች ውስጥ ቅርጹን ለውጦ ስለሚገኝ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ሕጉና ክርክሩ

በ1904 መጀመሪያ አንድ የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በአንድ ትምህርት ቤት ማስተማርን የሚከለክል ረቂቅ አቀረበ። በአቅራቢው ስም የዴይ ሕግ ተብሎ የሚጠራው ይህ ድንጋጌ በከፍተኛ ድምፅ አልፎ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ሁለቱን ወገኖች አብሮ የሚያስተምር ተቋም 1,000 ዶላር ይቀጣል፤ የሚያስተምር መምህርም እንዲሁ 1,000 ዶላር ይቀጣል፤ የሚማር ተማሪ በየቀኑ 50 ዶላር ይቀጣል። ተቋሙ ለሌላው ወገን የተለየ ቅርንጫፍ መክፈት ከፈለገ፣ ቅርንጫፉ ቢያንስ 25 ማይል፣ ማለትም 40 ኪሎ ሜትር ያህል መራቅ አለበት ይላል። ሕጉ በደፈናው ቢጻፍም፣ በግዛቲቱ ውስጥ የሚነካው ኮሌጅ ቤሪያ ብቻ ነበር።

ኮሌጁ ተከሶ 1,000 ዶላር ተቀጣ፤ ይግባኝም ጠየቀ። በ1906 የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የ25 ማይሉን ገደብ ምክንያት የለሽ ብሎ ሲሽር ዋናውን ክልከላ አጸና። ጉዳዩ ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ በኅዳር 1908 በ7 ለ2 ድምፅ በኮሌጁ ላይ ተወሰነ። ውሳኔው የዘር ጥያቄውን ፊት ለፊት አልተጋፈጠም። ኮሌጁ በግዛቲቱ ፈቃድ የተቋቋመ ድርጅት ስለሆነ፣ ፈቃድ የሰጠችው ግዛት የፈቃዱን ይዘት ማሻሻል ትችላለች በሚል የድርጅት ሕግ መንገድ አለፈው። የልዩነት ሐሳብ ከነበራቸው ሁለቱ ዳኞች አንዱ የኬንታኪ ተወላጅ ሲሆኑ፣ በዚህ አመክንዮ ከተሄደ ግዛት በሰንበት ትምህርት ቤት እንኳ ልጆች አብረው እንዳይማሩ መከልከል ትችላለች ማለት ነው ሲሉ ሞገቱ።

የግል ተቋም የራሱን እምነት ይዞ ከዘመኑ ሊቀድም ይችላል የሚለው ተስፋ በዚህ ውሳኔ ላይ ተሰበረ። የግል መሆን ከመንግሥት በጀት ነፃ ያደርጋል፤ ከመንግሥት ፈቃድ ግን ነፃ አያደርግም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ክርክሩ እየቀጠለ ሳለ ኮሌጁ ጥቁር ተማሪዎቹን ሜዳ ላይ አልጣላቸውም። ፊስክን ወደ መሳሰሉ የጥቁሮች ኮሌጆች ሄደው ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ የጉዞና የትምህርት ወጪያቸውን ረዳ። በግቢው የቀሩት ነጭ ተማሪዎች ለሄዱት ጓደኞቻቸው በጽሑፍ መልእክት ላኩ፤ በአዲሱ ሁኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰቡ ቀድመው የታሰቧቸው እነሱ መሆናቸውን፣ ፍትሕ ሌሎችም እንደ እነሱ እኩል መብት እንዳላቸው እንደሚነግራቸው ጻፉ። ይህ መልእክት ሕጉን ባያናውጥም፣ ቢያንስ አንድ ነገር ያሳያል። በአንድ ግቢ የኖሩ ወጣቶች ከሕግ አውጪዎቻቸው የተለየ ስሜት ነበራቸው። ከሕጉ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1903፣ ከዚህ ኮሌጅ የተመረቀው ካርተር ዉድሰን በኋላ የጥቁሮችን ታሪክ ሳምንት በ1926 የጀመረው ታሪክ አጥኚ ነው። አንድ ዓመት ቢዘገይ ኖሮ የቤሪያ ምሩቅ አይሆንም ነበር።

ከ1908ቱ ውሳኔ በኋላ ቦርዱ ከባድ ምርጫ ቀረበለት፤ ግቢው፣ ስሙና ሀብቱ ለማን ይሁን? ውሳኔው ግቢው ለነጮች እንዲቀር፣ ለጥቁሮች ደግሞ በአዲስ ገንዘብ አዲስ ትምህርት ቤት እንዲሠራ የሚል ሆነ። 400,000 ዶላር እንዲሰበሰብ ታቅዶ፣ ግማሹን ሌላው ከተሟላ እከፍላለሁ ብሎ የብረት ኢንዱስትሪ ባለሀብቱ ካርኔጊ ቃል ገባ። በዚህ ገንዘብ በሼልቢ ወረዳ የሊንከን ኢንስቲትዩት ተሠርቶ በ1912 ተከፈተ። ከጥቁር ምሩቃን ብዙዎቹ ይህን ውሳኔ እንደ ክህደት አዩት፤ ኮሌጁን አብረው አቋቁመው ከቤታቸው ወጥተው ጎጆ እንደ ተሠራላቸው ሰዎች ተሰምቷቸው ነበር።

የሊንከን ኢንስቲትዩት የሠራውን ማቃለል አይገባም። ለበርካታ አሥርት ዓመታት በኬንታኪ የጥቁር ልጆች የሚማሩበት ጠንካራ አዳሪ ትምህርት ቤት ሆነ፤ ኋላ ለጥቁሮች መብት የሚሠራውን የብሔራዊ ከተሞች ሊግ የተባለ ድርጅት የመራው የመብት ታጋይ የተወለደው በዚያው ግቢ፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ከሆኑ ሰው ነው። ሆኖም የቤሪያን ቦታ አልተካም። ሥራው በሁለተኛ ደረጃና በሙያ ትምህርት ላይ አተኩሮ ስለ ቀረ፣ ቤሪያ ለጥቁሮች ይሰጥ የነበረው የኮሌጅ ዲግሪ በዚህ ትምህርት ቤት ምትክ አላገኘም። በ1966፣ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሲዋሐዱ፣ ተዘጋ።

በሩ ከተከፈተ በኋላ

በ1950 የዴይ ሕግ ተሻሽሎ ኮሌጆች ቦርዳቸው ከፈቀደ ጥቁር ተማሪ መቀበል ቻሉ። በሉዊቪል ያሉ የካቶሊክ ኮሌጆችም በዚያው ዓመት በራቸውን ከፈቱ። ቤሪያ ፈጥኖ ውሳኔውን ቢያሳልፍም ውሳኔው ገደብ ነበረበት፤ የሚቀበለው ብቁ የሆኑትን የተራራው አካባቢ ጥቁር ተማሪዎችን ነበር። ከሕጉ በኋላ የመጀመሪያዋ ጥቁር ምሩቅ በ1954 ዲግሪዋን ተቀበለች።

እዚህ ላይ የ1890ዎቹ ምርጫ ተመልሶ መጣ። ኮሌጁ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ራሱን የአፓላቺያ ኮሌጅ አድርጎ ገንብቶ ነበር፤ አፓላቺያ ደግሞ በአብዛኛው ነጭ ነው። ስለዚህ በሩ ክፍት ሆኖም የሚገባው ጥቁር ተማሪ ለዓመታት በጣት የሚቆጠር ሆነ። ክልከላውን ማንሣት አንድ ቀን የሚፈጅ የቦርድ ድምፅ ሲሆን፣ ምልመላውን ማስተካከል ግን የአንድ ትውልድ ሥራ ሆነ።

በ1965 የኮሌጁ መዋቅርና የተማሪዎቹ ስሜት አለመጣጣም በግልጽ ታየ። ከ50 በላይ ተማሪዎችና መምህራን ለጥቁሮች የመምረጥ መብት በአላባማ ግዛት ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ በተደረገው ሰልፍ ሊሳተፉ ሲፈልጉ፣ የኮሌጁ አስተዳደር በተቋሙ ስምና በተቋሙ ተሽከርካሪ እንዲሄዱ አልፈቀደም። እነሱ ግን በራሳቸው መንገድ ሄደው በመጋቢት 25 ሞንትጎመሪ ደረሱ። ዛሬ ኮሌጁ ያንን ጉዞ በኩራት ያስታውሰዋል፤ ተቋማት በጊዜው የከለከሉትን ነገር ከዓመታት በኋላ የታሪካቸው አካል አድርገው ሲያከብሩ ማየት የተለመደ ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ጥቁር ተማሪዎች የራሳቸውን ማኅበርና የመዝሙር ቡድን አቋቋሙ። በ1969 ቦርዱ የኮሌጁን ታላላቅ ቃል ኪዳኖች በጽሑፍ ሲያጸድቅ፣ የሰዎች ሁሉ ዝምድናና በተለይም በጥቁርና በነጭ መካከል መግባባትንና እኩልነትን የሚያስፋፋ ትምህርት ከቃል ኪዳኖቹ አንዱ ሆነ። ቃል ኪዳኑ በወረቀት አልቀረም፤ በኋላ በጥቁሮች የባህል ማዕከልና በካርተር ዉድሰን ስም በተሰየመ ማዕከል በኩል ቢሮ፣ ሠራተኛና በጀት አገኘ። ቤል ሁክስ በሚል የብዕር ስሟ የምትታወቀው የኬንታኪ ተወላጅ ደራሲ ከ2004 ጀምሮ በኮሌጁ አስተምራ በ2021 እዚያው ቤሪያ ውስጥ ዐረፈች።

የሠራውና ያልሠራው

ካልሠሩት ነገሮች የመጀመሪያው የፍርድ ቤት ክርክር ነው። ክርክሩን ማንሣቱ ተገቢ ነበር፤ የልዩነት ሐሳቡም ለኋላ ትውልድ ተርፏል፤ ነገር ግን ለአራት ዓመታት የተዘረጋው ሙግት በቦርዱ ዘንድ ሌላ አማራጭ ማሰቢያ ጊዜውን በልቶታል። ሁለተኛው ግቢውን ለብዙኃኑ ትቶ ለአናሳዎቹ ምትክ መሥራት ነው፤ ምትኩ መልካም ቢሆንም እኩል አልሆነም። ሦስተኛው በ1950 በሩን ከፍቶ የመልማዩን መንገድ እንደ ነበረ መተው ነው።

ከሠሩት ሁሉ ግን ከፍ አድርጌ የማየው የሥራ ፕሮግራሙን ነው። በቤሪያ ማንኛውም ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል፤ ይህን በገንዘቡ ሊገዛ ወይም ሊያስቀር የሚችል ተማሪ የለም። አንዱ በቢሮ ይሠራል፣ ሌላው በእርሻው፣ ሌላው መጥረጊያ ይሠራል ወይም ጨርቅ ይሸምናል፣ ሌላው ኮሌጁ ከ1909 ጀምሮ በሚያስተዳድረው ቡን ታቨርን ሆቴል እንግዳ ይቀበላል። ቅበላውም የቤተሰባቸው አቅም አነስተኛ የሆኑ ተማሪዎች ላይ ያተኮረ ስለሆነ፣ የትምህርት ክፍያ መክፈል የሚችል ቤተሰብ ልጅ በአብዛኛው አይገባም። በዚህ ምክንያት ከኬንታኪ ተራራ የመጣ ነጭ ልጅ፣ ከበርሚንግሃም የመጣች ጥቁር ልጅና ከአፍሪካ ወይም ከእስያ የመጣ ተማሪ የሚገናኙት «የብዝኃነት ሳምንት» በተዘጋጀ ጊዜ ብቻ አይደለም። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ሲያጥቡ ይገናኛሉ፤ ሁሉም የመጡት ገንዘብ ከሌለበት ቤት ነው። በግቢ ውስጥ የሚፈጠረው መከፋፈል ግማሹ የዘር ቢመስልም ግማሹ የኪስ መሆኑን ያየ ሰው የዚህን ዋጋ ይረዳዋል።

ይህን የሚያኖረው ገንዘብ ነው። በ1920 ቦርዱ ያለ ገደብ የሚሰጥ የውርስ ስጦታ ሁሉ ዋናው ገንዘብ ተቀምጦ ትርፉ ለሥራ ወደሚውልበት ቋሚ ፈንዱ እንዲገባ ወሰነ፤ ፈንዱ ዛሬ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ለጋሹን ለማስደሰት ተብሎ የተማሪውን ስብጥር መለወጥ በ1890ዎቹ የታየ አደጋ ከሆነ፣ ፈንዱ ያንን አደጋ የሚቀንስ መሣሪያ ሆኗል።

ለሌሎች ተቋማት የሚተርፉ ነጥቦች

የመጀመሪያው ነጥብ ስለ ምልመላ ነው። የተማሪ ስብጥር የሚወሰነው ማን እንደ ተከለከለ ብቻ በማየት አይደለም። የኮሌጁ ሠራተኛ ማስታወቂያ ይዞ የሚሄደው ወደ የትኛው ከተማና ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ፣ በምን ቋንቋ እንደሚያነጋግር፣ የትኛውን ታሪክ እንደሚናገር መጠየቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በምደባ ከየክልሉ ስለሚመጣ ስብጥሩ ከላይ ይታዘዛል፤ የግል ኮሌጅ ግን ተማሪውን ራሱ ስለሚፈልግ ስብጥሩን የሚሠራው በማስታወቂያው መንገድ ነው። ስለዚህ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር በየዓመቱ መጠየቅ ያለበት ስንት ተመዘገበ ብቻ ሳይሆን፣ ከየት ተመዘገበ፣ ካለፈው ዓመት ከየት የመጣው ቀነሰ፣ የት ሄደን አልቀሰቀስንም የሚለውን ጭምር ነው። ቤሪያ በ1895 ይህን ሠንጠረዥ በቦርዱ ፊት አስቀምጦ ቢወያይበት ኖሮ፣ መዛነፉን ቢያንስ አውቆ ያደርገው ነበር።

ሁለተኛው፣ ማደሪያና ማዕድ ከክፍል ቀድመው የሚለያዩ ቦታዎች መሆናቸው ነው። በቤሪያ ጥቁርና ነጭ ተማሪ እስከ 1904 ድረስ በአንድ ክፍል ይማር ነበር፤ አኗኗሩ ግን አስቀድሞ ተከፍሏል። የግቢን ሁኔታ ማወቅ የሚፈልግ ዲን የክፍል መቀመጫውን ትቶ ምሳ ሰዓት የመመገቢያውን አዳራሽ ይመልከት።

ሦስተኛው፣ የሚያስተምረው ሰው ስብጥር ነው፤ የሄደውን ጥቁር መምህር አስታውሱ።

አራተኛው ምሩቃንን ይመለከታል። ጥቁር ምሩቃን ችግሩን ከሕጉ በፊት አይተው ተናግረው ነበር፤ ነገር ግን ድምፃቸው ቅሬታ ተብሎ ቀረ። ተቋሙ የራሱን መዛነፍ ለማወቅ ከራሱ ሪፖርት ይልቅ ወጥተው የሄዱትን ሰዎች ማዳመጥ ሊቀድመው ይችላል፤ የሄደ ሰው የደመወዝም የውጤትም ፍርሃት የለበትምና።

የመጨረሻው ስለ ሕግ ነው። በግል ስም የቆመ ኮሌጅ መንግሥት በፈቀደለት ቻርተር፣ ማለትም በማቋቋሚያ ፈቃድ፣ ላይ የሚኖር መሆኑን መዘንጋት የለበትም። በ2017 የአሜሪካ ምክር ቤት ለተማሪ ቁጥራቸው ሲካፈል ፈንዳቸው ትልቅ በሆነ የግል ኮሌጆች ላይ የ1.4 ከመቶ ግብር ሲጥል፣ ሕጉ የታሰበው ለባለጸጋ ዩኒቨርሲቲዎች ቢሆንም የድሆች ልጆችን በነፃ የሚያስተምረው ቤሪያም በመረቡ ገባ። በ2018 መጀመሪያ ሕጉ ተሻሽሎ ግብሩ የሚመለከተው ቢያንስ 500 የትምህርት ክፍያ የሚከፍሉ ተማሪዎች ያሏቸውን ተቋማት ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ቤሪያ ከፋይ ተማሪ ስለሌለው ከግብሩ ወጣ።